እንቅልፍ፣ ዶርምና ብቸኝነት፦ ለኮሌጅ ተማሪዎች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በኮሌጅ የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ቢሮዬን ካንኳኩት መካከል ብዙዎቹ «ትምህርቱ ከበደኝ» ብለው ቢጀምሩም፣ ንግግራችን ሩብ ሰዓት ሳይሞላው የሚደርሰው እንቅልፍ ማጣት፣ የዶርም አለመግባባት ወይም የቤተሰብ ናፍቆት ላይ ነበር። ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁ ስለ ውጤት ብቻ እንዳይሆኑ ጠይቄአለሁ፤ ሐኪም አለመሆኔንም አስቀድሜ ልናገር።

ጥያቄ፦ ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ፤ ወረቀቱ ፊቴ ሲቀመጥ ግን ያነበብኩት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋብኛል። ጭንቅላቴ ለትምህርት አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ጭንቅላትህ ደኅና ነው፤ ያላገኘው ጊዜ ነው። ቀን የተማርነው ነገር በደንብ የሚጸናው ተኝተን ሳለን ነው። በተለይ በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል በሚበዛው ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ አእምሮ የቀኑን ትምህርት ደጋግሞ እያነሣ ያደላድለዋል፤ እንቅልፉን የሰረዘ ተማሪም ይህን ሥራ አብሮ ይሰርዘዋል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ላለ ወጣት የሚመከረው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት ነው።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በእንቅልፍ ላይ መጫን አልፈልግም፤ አነባበቡም የራሱ ድርሻ አለው። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ደብተሩን ይዞ መጣ፤ መስመሩን ሁሉ በቢጫ ሃይላይተር ከመቀባቱ የተነሣ ነጭ ሆኖ የቀረው ኅዳጉ ብቻ ነበር። ደብተሩን ዘግቶ የሁለተኛውን ምዕራፍ ዋና ሐሳብ እንዲነግረኝ ስጠይቀው፣ ሐሳቡ በግራው ገጽ ከሥዕሉ በላይ እንደሚገኝ በትክክል ነገረኝ፤ ምን እንደሚል ግን ሊነግረኝ አልቻለም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ፣ አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን በቃላቸው ከጻፉት ተማሪዎች በልጠው ተገኙ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በቃላቸው የጻፉት 56 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። ስለዚህ አንድ ክፍል በጨረስክ ቁጥር ደብተሩን ዝጋና የያዝከውን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፍ። መጀመሪያ ላይ የምትጽፈው ትንሽ ስለሚሆን ያናድድሃል፤ ነገር ግን የጎደለህን ከፈተናው በፊት የሚነግርህ ያ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ ያለ ቡና ማንበብ አልችልም። ይጎዳኛል?

መልስ፦ ጉዳዩ መጠኑና ሰዓቱ ነው። ካፌይን የድካም ምልክት የሚያደርሰውን አዴኖሲን የተባለውን ንጥረ ነገር መንገድ ይዘጋበታል እንጂ ድካሙን አያጠፋውም። ከሰው ሰው ቢለያይም ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ከጠጣሽው ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይም አብሮሽ አለና ከምሳ በኋላ ብታቆሚ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የዶርም ጓደኛዬ እስከ እኩለ ሌሊት መብራት አብርቶ በስልክ ያወራል። እንዳልናገረው መጣላት አልፈልግም።

መልስ፦ እኔም ተማሪ ሳለሁ ማንቂያ ደወሉ በየማለዳው ስድስት ጊዜ ከሚጮህ፣ እሱ ግን ከማይነቃ ልጅ ጋር እኖር ነበር። አንድ ሙሉ ሴሚስተር በሆዴ ይዤ ቆየሁ፤ በመጨረሻ ስነግረው «ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ?» አለኝና በዚያው ምሽት ማንቂያውን ወደ አንድ ቀነሰው። ከዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ በእኩለ ሌሊት ከተናደዱ በኋላ ሳይሆን በቀን፣ ሁለቱም በተረጋጉበት ሰዓት መነሣት እንዳለበት ነው። ጥያቄህም የተለየ ይሁን። «ትረብሸኛለህ» ከማለት ይልቅ «ከ5 ሰዓት በኋላ ስልኩን ኮሪደር ላይ ብታወራ፣ እኔም ማለዳ ስነሣ መብራት ባላበራ ምን ይመስልሃል?» ብትለው፣ አንተም የምትሰጠው ነገር ስላለ መቀበሉ ይቀለዋል። ደጋግመህ ነግረኸው ካልሰማህ ዶርም መቀየር ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁለት ወር ሆነኝ፤ ሁሉም ጓደኛ ሲያገኝ እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ወር አጭር ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለማደግ 50 ሰዓት ያህል፣ የቅርብ ወዳጅነት ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምተዋል። ከክፍል ሲወጡ ተሰብስበው ሲሳሳቁ የምታዪያቸው ልጆች ብዙዎቹ ገና ያልተዋወቁ ናቸው፤ እንዴት አወቅህ ብትዪኝ፣ ከመካከላቸው እየተነሡ እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። በየቀኑ አዲስ ሰው ከመፈለግ ይልቅ እዚያው ወንበር ላይ መቀመጥን፣ በየሳምንቱ ከማይለወጥ የጥናት ቡድን ጋር መገናኘትን ምረጪ፤ ሰዓቱ ሳይታወቅሽ ይጠራቀማል። ቤተሰብሽንም በተወሰነ ሰዓት ደውዪላቸው። ናፍቆት በመጣ ቁጥር መደወል ቀኑን ሙሉ ስልክ እያዩ ወደ መዋል ይወስዳል።

ጥያቄ፦ በፈተና ሰሞን ስፖርት ማቆም ይሻላል?

መልስ፦ አታቁም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ከሚመክረው ዝቅተኛው መጠን፣ ማለትም በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ባትደርስ እንኳ በቀን ሃያ ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ።

ጥያቄ፦ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ምንም አያስደስተኝም፤ ክፍል መግባትም አቆምኩ። ስንፍና ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

መልስ፦ ሰነፍ ሰው በሚወደው ነገር አይሰንፍም። አንተ ግን የምትወደውም ጣዕም አጥቶብሃል። እንዲህ ያለ ስሜት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ሲቆይና ከትምህርት ሲያስቀር፣ ሐኪም ሊያየው የሚገባ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናም አለው። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ካለብህ ደግሞ ዛሬውኑ አጠገብህ ላለ ለምታምነው ሰው ንገረውና ወደ ሕክምና አብሮህ እንዲሄድ አድርግ፤ ብቻህን አትደር። የትምህርቱን ጉዳይ ለዲፓርትመንትህ ቶሎ ብታሳውቅ፣ የፈተና ሰሞን ደርሶ ከምታስረዳው ይልቅ የሚከፈትልህ መንገድ ይበዛል። አማካሪው ፊት ስትቀርብ መግቢያ ቃል ከጠፋህ፣ ይህንኑ የጻፍክልኝን ጥያቄ በስልክህ አሳየው፤ እኔ ዘንድ የመጡ ብዙ ተማሪዎች የጀመሩት እንደዚያ ነበር።