ሞተረኞች ያለ ስምሪት ሠራተኛ ይሠራሉ ወይ? ከጉንዳንና ከንብ የሚወሰደው

አሥር ሞተረኛ ያለው ዕቃ አድራሽ ድርጅት ስልክ ላይ ተቀምጦ የሚያሰማራ ሰው ሳይኖረው እንደ ጉንዳን ሊሠራ ይችላል ወይ ብለዋል። በአብዛኛው ይችላል። መጀመሪያ ግን ጉንዳኖቹ በምን እንደሚግባቡ ይዩ።

ጉንዳን ካርታ የላትም። ምግብ አግኝታ ስትመለስ መሬት ላይ ጠረን ትጥላለች። በአጭሩ መንገድ የሄደችው ቶሎ ስለምትመለስ ጠረኑ እዚያ ቶሎ ይበረታል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው የብራሰልስ ተመራማሪዎች የሁለት ድልድይ ሙከራ (ከጎጆው ወደ ምግቡ አንድ አጭርና አንድ ረጅም ድልድይ የተዘረጋበት) ይህን አሳይቷል። ለንግድ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ውጤት ነው፦ ረጅሙን ድልድይ ብቻ ከፍተው አጭሩን ከ30 ደቂቃ በኋላ ሲጨምሩ፣ ጉንዳኖቹ በአብዛኛው ረጅሙ ላይ ቀሩ። የቆየው ጠረን ያዛቸው። የኮምፒውተር ተመራማሪው ማርኮ ዶሪጎ እ.ኤ.አ. በ1992 ዶክትሬቱ ላይ ከጉንዳን በቀዳው የስሌት ዘዴ ጠረኑ በየዙሩ እንዲተን ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱ። ሞተረኛው ዕቃ ባደረሰ ቁጥር ከየት ወደየት እንደሄደ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበትና ምን እንዳጋጠመው ይጻፍ። ሁለት ሰዓት ያለፈውን መልእክት የሚያጠፋ ሰው ይመድቡ፤ አለዚያ ጠዋት የተዘጋ መንገድ ከሰዓትም ሰው ያዞራል። ከአሥር ጉዞ አንዱን ባልተለመደ መንገድ ይሞክሩት።

ማንም የማያነሣው ሩቅ ትእዛዝ ይኖራል። በነፍሳት ዘንድ ሥራ ሳይነካ በቆየ ቁጥር ጥሪው ይበረታል፤ ለዚያ ሥራ ቸል ያሉትም ይነሣሉ። እርስዎም በየ10 ደቂቃው ክፍያውን በትንሹ ከፍ ያድርጉ። ጣሪያ ግን ይኑረው፤ ከሌለው ሞተረኞቹ እስኪጨምር ሆን ብለው ይጠብቃሉ።

ነገሩ በብዛት የሚበላሸው ደመወዝ ላይ ነው። የአንድ ጎጆ ሠራተኛ ጉንዳኖች ብዙውን ጊዜ እህትማማች ናቸው፤ ምግቡም የጋራ ነው። ባደረሰው ዕቃ ቁጥር ብቻ የሚከፈለው ሞተረኛ ግን ያገኘውን አቋራጭ ለባልደረባው ለምን ይናገራል? ከክፍያው አንድ አምስተኛ ያህሉን በቡድኑ አማካይ የማድረሻ ጊዜ ላይ ይመሥርቱት። ይህን ካላደረጉ ግሩፑ በሳምንት ውስጥ ጸጥ ይላል።

መጋዘን እንደ መቀየር ላለ ውሳኔ ደግሞ ንብ ትሻላለች። ለመንጋው አዲስ መኖሪያ የምትፈልገው ቃፊር ንብ ያገኘችውን ቦታ በጭፈራ ትጠቁማለች፤ ሌላዋ ቃፊር ግን ጭፈራውን አይታ ብቻ አትደግፍም፤ ቦታውን ራሷ ሄዳ ታየዋለች። አንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ቃፊሮች ሲገናኙ መንጋው ለመነሣት ይዘጋጃል፤ ሁሉም እስኪስማማ አይጠበቅም። እርስዎም ስንት ሰው ከደገፈ እንደሚበቃ አስቀድመው ይወስኑ፤ እያንዳንዱ ለየብቻው አይቶ ይምጣ፤ ባለቤቱ መጨረሻ ይናገር።

በሦስት ሞተረኛ፣ በአንድ የከተማው ክፍል፣ ለሁለት ሳምንት ይጀምሩት። የስምሪቱን ሠራተኛ አያሰናብቱ፤ አደጋ፣ የገንዘብ ርክክብና የደንበኛ ቅሬታ በእሱ እጅ ይቆዩ።