«እስካሁን ምን ሆንኩ?» ለሚል ወንድም ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ 19 ዓመት የሞላው ታናሽ ወንድም አለኝ። በትምህርቱ ጎበዝ፣ በጠባዩም የሚመሰገን ልጅ ነው፤ ሆኖም ሞተር ብስክሌት ላይ ሲወጣ መሪውን ለቅቆ ይከንፋል፤ ከጓደኞቹ ጋር ደግሞ ግንባታቸው ያላለቀ ረጃጅም ሕንፃዎች ጫፍ ላይ ቆሞ ቪዲዮ ይቀረጻል። እናታችን ብታለቅስም፣ እኔ ብቆጣውም «እስካሁን ምን ሆንኩ?» ከማለት በቀር መልስ የለውም። ይህ ሕመም ነው? ምን ብነግረውስ ይሰማኛል?
ጭንቅ የያዛት እህት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው ከሆነ ነገሩ ሕመም አይመስልም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቪን ዙከርማን ሰዎች ለአዲስና ለብርቱ ስሜት ያላቸውን ጥማት የሚለካ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ከባልደረቦቹ ጋር ካቀረበ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች፣ ይህ ጥማት ከሰው ሰው የሚለያይ፣ በከፊል በዘር የሚወረስ፣ በአፍላ ወጣትነት የሚያይልና ዕድሜ ሲገፋ የሚበርድ ጠባይ መሆኑን አሳይተዋል። እሳት ውስጥ ገብቶ ሰው የሚያወጣውም ሰው ከዚሁ ጠባይ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ልጁን ፈሪ ለማድረግ መድከም ከንቱ ነው፤ ቢሳካ እንኳ የሚያስደስት ውጤት አይመስለንም።

ሰው አፋፍ ላይ ሲቆም አድሬናሊን ልቡን ያስመታዋል፤ አደጋው ሲያልፍ ደግሞ ደስታ የተቀላቀለበት እፎይታ ይከተላል። ይህን ስሜት ግን ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ትናንት ጉልበቱን ያብረከረከው ከፍታ ዛሬ ተራ ስለሚሆንበት፣ ያንኑ ስሜት ለማግኘት ከፍ ብሎ መውጣት ወይም ፈጥኖ መንዳት ያምረዋል።

አሁን ወደ «እስካሁን ምን ሆንኩ?» እንምጣ፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ይህ አነጋገር የሚያሳስተው ወጣቶችን ብቻ አይደለም። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ከተነሣች ከ73 ሴኮንድ በኋላ ተበታትና ሰባቱም ጠፈርተኞች ያለቁት፣ የጋለው ጋዝ እንዳያፈተልክ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች በብርዱ ምክንያት ሥራቸውን መሥራት ስላቃታቸው ነበር። ቀለበቶቹ በጋዙ መበላታቸው ቀደም ባሉት በረራዎችም ታይቷል፤ ነገር ግን በረራዎቹ በሰላም ስለተጠናቀቁ ጉዳቱ ቀስ በቀስ እንደተለመደ ነገር ተቆጠረ። ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናችው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዳያን ቮን፣ ከደንብ የወጣ አሠራር ጉዳት ሳያደርስ በተደጋገመ ቁጥር ትክክል መስሎ እየታየ እንደሚሄድ ጽፋለች። የሠለጠኑ መሐንዲሶችን ያታለለ ነገር ወንድምዎን ቢያታልለው አይደንቅም።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። ሼራግ በተባለው የኖርዌይ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2005 ከቋጥኝ በፓራሹት የተደረጉ 20,850 ዝላዮችን የመረመረ ጥናት የ9 ሰዎችን ሞት መዝግቧል፤ ይህም በ2,300 ዝላይ ገደማ አንድ ሞት ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ያንኑ ዝላይ መቶ ጊዜ አድርጎ ምንም ሳይሆን ሊመለስ ይችላል፤ ከዚህ ተነሥቶ «አደጋ የለውም» ቢል ግን ተሳስቷል። ጥንቁቁም ዕድለኛውም «እስካሁን ምን ሆንኩ?» ለማለት እኩል መብት አላቸው።

ሌላው ጉዳይ ተመልካች ነው። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ወጣቶች በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ላይ ለብቻቸው ሲሆኑ ከሚደፍሩት ይልቅ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ አብዝተው ሲደፍሩ ታይተዋል፤ በጎልማሶቹ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ዛሬ ስልክ በኪሱ የያዘ ወጣት ተመልካች አጥቶ አያውቅም። ቻይናዊው ዉ ዮንግኒንግ ያለ ገመድ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ላይ እየወጣ በሚያሰራጨው ቪዲዮ ብዙ ተከታይ ካፈራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ቻንግሻ ከተማ ውስጥ ከ62 ፎቅ ሕንፃ ወድቆ ሞቷል፤ የመጨረሻ ቅጽበቱንም ራሱ የደቀነው ካሜራ ቀርጾታል። በነገራችን ላይ፣ ቪዲዮውን ለእንግዳ እያሳየ «ይህ ልጅ ጉድ ነው» የሚል አጎትም፣ እየተቆጣ የሚያጋራ ዘመድም ያው ተመልካች ነው፤ ከቤተሰቡ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ካለ መጀመሪያ እሱን ያነጋግሩ።

ወንድምዎን ግን ጓደኞቹ በሌሉበት፣ ለብቻው ያናግሩት። «ትሞታለህ» ማለት እምብዛም አይጠቅምም፤ ሰው እንደሚሞት ያውቃል። ይልቁንስ ዝርዝሩን ይጠይቁት፦ መሪውን በለቀቅህበት ጎማው ድንጋይ ቢመታ በምን ታቀናዋለህ? በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ እጁ ፍሬኑን እስኪይዝ ያ ርቀት አልፏል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ20 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው በሁለት ሴኮንድ ገደማ፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት መሬት ላይ ያርፋል። መንገድ የሚሻገረው እግረኛም በዚህ ጨዋታ ለመግባት እንዳልተስማማ ያንሡለት፤ ለራሳቸው የማይፈሩ ብዙ ወጣቶች ለሌላ ሰው ይራራሉ። ጥማቱን የሚያረካበት ቦታም ያስፈልገዋል። ገመድና አሠልጣኝ ባለበት ግድግዳ መውጣት፣ ሄልሜት አጥልቆ በተከለለ ሜዳ ሞተር መንዳት ከአደጋ ነጻ ባይሆኑም፣ የተሳሳተ ሰው ስህተቱን የሚያርምበት ዕድል ይሰጣሉ።

አንድ ነገር ግን ለይተው ይመልከቱ። ድፍረቱ የጀመረው ከከባድ ሐዘን ወይም ኪሳራ በኋላ ከሆነ፣ መጠጥ ከበዛበት ወይም «ብኖርም ባልኖርም» የሚል ንግግር ከሰሙበት፣ ይህ ደስታ ፍለጋ ላይሆን ይችላል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ሳይዘገዩም ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ ውኃ ውስጥ ትንፋሽ ይዞ በመቆየት እንወዳደራለን። ከመጥለቃችን በፊት ደጋግመን በኃይል ስንተነፍስ ብዙ መቆየት እንደምንችል አይተናል። ሁላችንም ዋና እንችላለን፤ አደጋ ይኖረው ይሆን?
ዋናተኛው

መልስ፦ አዎን፣ የሚገድል አደጋ አለው። ሰው እንዲተነፍስ የሚያስጨንቀው በዋነኛነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠራቀም ነው። ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያራግፋል እንጂ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እምብዛም አይጨምርም። ስለዚህ ብዙ የምትቆዩት የሚያስጠነቅቃችሁን ጭንቀት ስላጠፋችሁት ነው፤ ኦክስጅኑ ሲሟጠጥ ሰው ምንም ሳይታወቀው ውኃ ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ዋና መቻሉም ያኔ አያድነውም። ውድድሩን ተዉት። ትንፋሽ ይዞ መጥለቅን የምር መማር የሚፈልግ ካላችሁ፣ በኃይል መተንፈሱን ትቶ ከሠለጠነ አስተማሪ ይማር፤ በጠለቀ ቁጥርም ራሱ የማይጠልቅ፣ ዓይኑን ከእሱ ላይ የማያነሣና ጎትቶ ማውጣት የሚችል ሰው ይኑረው።