እናቴ ስኳር አለባት፤ ከድሬ እስከ ዋሽንግተን ትችለዋለች?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። እህቴ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? መርፌዋንስ መቼ ትውጋ? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! እንደ ድሬ ወግ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ስኳራቸው ከተስተካከለ፣ ሰሞኑን የልብ ወይም የትንፋሽ ሕመም ካልነበረባቸው ይችሉታል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ሐረር ወይም አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ እንደመተንፈስ ነው፣ ከዚያ ብዙም አይሳሳም።

ከድሬ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ግን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል፣ በዚያ ላይ ነፋሱ ከፊት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ሲሄዱ መሃል ላይ ነዳጅ ለመሙላት ማረፍ የተለመደ ነው፤ ከ15 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሲመለሱ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ 13 ሰዓት ገደማ ይበቃል። አንተ ግን የአውሮፕላኑን ሰዓት ብቻ አትቁጠር። ቦሌ የሚጠብቁት አለ፣ እዚያ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ። ከቤት ከወጡ ጀምሮ እህትህ ቤት እስኪደርሱ ያለውን ደምር።

አሁን ወደ መርፌው። የመርፌው ሰዓት እንዳይምታታባቸው እስኪደርሱ ድረስ የእጅ ሰዓታቸውን አይቀይሩ። ዋሽንግተን ከእኛ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደኋላ ናት፣ ስለዚህ የሚሄዱበት ቀን በዚያው ልክ ይረዝማል። ተጨማሪ መርፌ ያስፈልግ እንደሆነና መጠኑን የሚወስነው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው። ትኬቱን ይዘህ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ አብረሃቸው ሂድ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕክምና ወረቀትም ተቀበል። ትኬቱ ላይ 22:00 ካለ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ምግቡ ፊታቸው ሳይቀርብ ግን በፍጹም እንዳይወጉ! አስተናጋጆቹ ሊዘገዩ ይችላሉ፣ ስኳር ወርዶ ሰው የሚወድቀው እንዲህ ነው። ላብ ላብ ካላቸውና ከተንቀጠቀጡ ወዲያው ጁስ ወይም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይውሰዱ። ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ፣ መለኪያውም ከእጃቸው አይራቅ።

ኢንሱሊኑ በእጅ ቦርሳ ነው የሚሄደው። ታች በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ከገባ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አይሠራም። የድሬ ሙቀትም ያበላሸዋል፣ ኤርፖርት እስክትደርሱ ቀዝቀዝ ባለ ነገር ያዙት፣ በረዶ ግን አይንካው።

ሌላው እግር ነው። ከ4 ሰዓት በላይ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ነቅተው ባሉበት በየሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ውሃ ይጠጡ። ደም እንዳይረጋ ተብሎ የሚደረገው ጥብቅ ካልሲ እግራቸው ላይ ቁስል ካለ ወይም የደም ዝውውሩ ደካማ ከሆነ ስለሚጎዳ መጀመሪያ ይታዩ። ጎረቤት "አስፕሪን ትዋጥ" ቢል አትስሙ፣ ሐኪም ካላዘዘ አይዋጥም። ለዘመድ ብላችሁም ጫት ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ፣ አሜሪካ ውስጥ ክልክል ነው፤ አሮጊቷን ኤርፖርት ላይ ታስጨንቋቸዋላችሁ።

ሁለቱም እግር ትንሽ ቢያብጥ አይደንግጡ፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጎድላል። አንዱ ብቻ አብጦ ካመማቸው፣ ወይም ደረታቸውን ወግቷቸው ትንፋሽ ካጠራቸው ግን፣ ከደረሱ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ፣ እህትህ ሳትውል ሳታድር ድንገተኛ ክፍል ትውሰዳቸው።