ስፖንጅ ወይስ ሾጣጣ ማጣሪያ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛሁት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ብስክሌት አለኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ሲሆን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጣርማ በርን አልፌ ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ፤ ከዚያም ከአስፋልቱ ወጥቼ በጠጠርና በአፈር መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እገባለሁ። በቅርቡ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ስከፍት ስፖንጁ እንደ ደረቀ ዳቦ እጄ ላይ ተፈረፈረ። መካኒኬ የፍራሽ ስፖንጅ በልኩ ቆርጦ ሊያስገባልኝ ይፈልጋል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ሳጥኑን ጨርሼ አውጥቼ፣ ከሶማሌ ተራ የሚገዛውን ሾጣጣ ማጣሪያ አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው ካርቡራተር አፍ ላይ በቀጥታ እንዳስገጥም ይመክረኛል፤ እሱ ካስገጠመ ወዲህ ሞተሩ ጉልበት ጨምሮለታል። ትክክለኛው ስፖንጅ ከሁለቱም ይወደዳል፤ እስኪመጣም መጠበቅ አለብኝ። የትኛውን ልምረጥ?
(አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይጠብቁና ትክክለኛውን ስፖንጅ ይግዙ፤ ሳጥኑንም ከቦታው አያንሡት። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ማስረዳት ይገባኛል፤ ምክንያቱ ካልተነገረ የወዳጅዎ ምክር ማማለሉ አይቀርም።

ቤንዚን በአግባቡ እንዲቃጠል በክብደቱ 15 እጥፍ ገደማ አየር ያስፈልገዋል። ይህ ለአንድ ሊትር ቤንዚን በባሕር ጠለል ላይ ሲሰላ ወደ 9000 ሊትር አየር ይሆናል፤ አየሩ በሚሳሳበት ደጋ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በበጋ ወቅት ከአንድ አይሱዙ ጀርባ ሆነው በጠጠር መንገድ ሲጓዙ ያ ሁሉ አየር ምን ይዞ እንደሚገባ ሸሚዝዎና ቅንድብዎ ይነግሩዎታል። በአቧራው ውስጥ ያለው የደቀቀ አሸዋ ከተራ ብረት የጠነከረ ነው፤ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ መሞረጃ ሆኖ ያገኘውን ሁሉ ይበላል።

የእርስዎ ሞተር ባለ ሁለት ምት መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። በባለ አራት ምት ሞተር የገባው አየር በቫልቭ በኩል በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል፤ ጉዳቱም በዋናነት የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ቀለበቶች ያገኛል። በባለ ሁለት ምት ግን አየሩና ቤንዚኑ ወደ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ከፒስተኑ ሥር፣ ኮሎው (የፒስተኑን ውጣ ውረድ ወደ ሽክርክሪት የሚቀይረው ዘንግ) በሚሽከረከርበት ክፍል ውስጥ ያልፋሉ። በዚያ ክፍል የተጠራቀመ የዘይት ገንዳ የለም፤ የኮሎው ኩሽኔታዎች የሚለሰልሱት ከአየሩ ጋር በሚመጣው የዘይት ጉም ብቻ ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን ያመለጠ አቧራ ከሲሊንደሩ አስቀድሞ ኩሽኔታዎቹን ያገኛል። ሲሊንደር ተሞርዶ ሰፋ ያለ ፒስተን ይገባለታል፤ ኮሎ ማስፈታት ግን ሞተሩን ለሁለት ማስከፈል ስለሆነ ወጪው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ አማራጮች ልመለስ። የፍራሽ ስፖንጅ ለመተኛ እንጂ አየር ለማሳለፍ አልተሠራም። የማጣሪያ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ ከዳር እስከ ዳር የተከፈቱ ናቸው፤ በፍራሽ ስፖንጅ ውስጥ ግን ብዙዎቹ ቀዳዳዎች በስስ ሽፋን እንደተጋረዱ ይቀራሉ። በዘይት ሲነከር ይታፈናል፤ ሳይነከር ከቀረ ደግሞ ደቃቁን አቧራ አይዝም። ዘይትና የቤንዚን ትነት ሲያገኘውም ቶሎ ይበሰብሳል። አንድ ጊዜ «ሞተሩ ቤንዚን ይበላል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል» ተብሎ የመጣ ካርቡራተር ስፈታ፣ በአፉ በኩል ያለችው ቀጭን የአየር መግቢያ ቀዳዳ የጤፍ ፍሬ በምታህል ቢጫ ፍርፋሪ ተወትፋ አገኘኋት። ምንጩን ፍለጋ ሳጥኑን ብከፍተው የአልጋ ፍራሽ ቁራጭ ወጣ።

ስለ ሾጣጣው ማጣሪያ ወዳጅዎ አልዋሹም፤ ጉልበቱ በእርግጥ ተሰምቷቸው ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ለቆላ ወይም ለወይና ደጋ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ሲደርስ አየሩ ይሳሳና የቤንዚኑ ድርሻ ከሚገባው በላይ ይሆናል፤ ሞተሩም ታፍኖ ይጎተታል። ሳጥኑ ወጥቶ ሾጣጣ ሲገባ በካርቡራተሩ አፍ ላይ ያለው መታፈን ስለሚቀንስ የሚሳበው ቤንዚን ያንሳል፤ በዚህም በአጋጣሚ ድብልቁ ይስተካከላል። ይህ ሞተር ግን ደብረ ብርሃን ላይ አይቆይም። ጣርማ በርን፣ ከ3000 ሜትር በላይ ያለውን ከፍታ፣ ተሻግረው በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። አየሩ ወፍሯል፤ ደጋ ላይ የተስማማው ድብልቅም አሁን ቤንዚን አንሶት ቀጥኗል። የቀጠነ ድብልቅ ደግሞ ሞተርን ያግላል። በተለይ የሚያሰጋው የመልስ ጉዞው ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ተነሥተው፣ በቆላው ሙቀት፣ ዕቃ ጭነው ዳገቱን በሙሉ ነዳጅ ሲጀምሩ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ግሎ ሲሊንደሩን ነክሶ ሊጣበቅ ይችላል። በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን መጣኝ የነሐስ ብሎን በሰፋ ቀዳዳ በመቀየር ይህን ማረም ይቻላል፤ ነገር ግን ያኔ ደጋው ላይ እንደገና ይታፈናል፤ ወዳጅዎ የወደዱት ጉልበትም አብሮ ይጠፋል።

ሳጥኑ ሌላም ሥራ አለው። የኋላ ጎማ የሚረጨውን ጭቃና የዝናቡን ውኃ ይከላከላል፤ ወንዝ ሲሻገሩ ለሞተሩ መተንፈሻ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጣል፤ የሚገባውን አየርም ያረጋጋል። በርካሽ የሚሸጡትን ሾጣጣዎች ደግሞ ወደ ፀሐይ አንሥተው ይመልከቱ፤ በጨርቁ ውስጥ የብርሃን ነጥቦች ከታዩዎት አቧራውም በዚያው መንገድ ይገባል። በአስፋልት ላይ ብቻ ለሚነዳ፣ ከፍታውንም ለማይቀያይር ሰው ክርክሩ ሌላ ነው። የወረቀት ማጣሪያም ለብዙ ሞተሮች ጥሩ ሆኖ ሳለ ለእርስዎ ሳጥን ስላልተሠራ አላነሣውም።

ስፖንጁን ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን ፍርፋሪ ሳይሆን የሚቀመጥበትን የፕላስቲክ ፍርግርግ ይዘው ይሂዱ፤ ዲቲ 125 በተለያየ ዘመን የተሠሩ ዓይነቶች ስላሉት ስሙን ብቻ መናገር አይበቃም። በጨረታ በተገዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ይህ ፍርግርግ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይገኛል፤ ከሌለ ስፖንጁ ወደ ውስጥ ስለሚሳብ አብረው ይግዙት። ሁለት ድርብ ያለው ስፖንጅ ከተገኘ ይመረጣል፤ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው ወገን አቧራው ወደሚመጣበት፣ ጠባቡ ወደ ሞተሩ ይሆናል። ከተቻለ ሁለት ይግዙ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ በፌስታል ታስሮ ይጠብቃል። ከመግጠምዎ በፊት የፈረሰው ስፖንጅ ፍርፋሪ የደረሰበትን የጎማ ቧንቧና ካርቡራተር ያስፈቱና ያስጸዱ፤ ይህ ከተዘለለ አዲሱ ስፖንጅ የአሮጌውን ጥፋት አያስቀርም።

በመጨረሻ ስለ አገጣጠሙ። ብዙ ማጣሪያዎች አቧራ የሚያሳልፉት በመሐላቸው ሳይሆን በዳራቸው ነው። የስፖንጁን ጠርዝ በስሱ ግራሶ ይቀቡ፤ ከሳጥኑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን የጎማ ቧንቧ ጠምዘዝ አድርገው ስንጥቅ እንደሌለው ያረጋግጡ፤ ማሰሪያ ቀለበቱንም ያጥብቁ። ሁለት ሦስት ቀን ከነዱ በኋላ ሳጥኑን ከፍተው በነጭ ጨርቅ የቧንቧውን የውስጥ ግድግዳ ይጥረጉ። ጨርቁ የአፈር ቀለም ካወጣ አየሩ በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግራሶው ላይ የተጋደመ ቀጭን የአቧራ መስመር ቦታውን ያሳይዎታል። ካንዴላውንም ያስወጡና ይመልከቱ፤ ጫፉ የቡና ቀለም ከያዘ ደህና ነው፤ ከነጣ ድብልቁ ቀጥኗል፤ በጥላሸት ከጠቆረ ደግሞ ቤንዚን በዝቷል ወይም ስፖንጁ ታፍኗል።

ከጥያቄዎ ጥቂት የወጣ ቢሆንም ስለ ጣርማ በር ቁልቁለት አንድ ነገር ላክል። የዲቲ የዘይት ፓምፕ የሚሰጠው መጠን በሞተሩ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በእጅዎ በሚሰጡት ነዳጅም ይወሰናል። ነዳጁን ዘግተው በማርሽ ይዘው ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ በፍጥነት እየተሽከረከረ የሚደርሰው ዘይት ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዘው አንድ ሁለት ጊዜ ነዳጅ ሰጠት ያድርጉለት።

ጥያቄ፦ የሞተር ብስክሌቴን ስፖንጅ ሁልጊዜ በቤንዚን አጥቤ፣ ጠምዝዤ፣ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀደድብኛል። የስፖንጁ ጥራት ማነስ ይሆን?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ጥራቱም ሊሆን ይችላል፤ አስተጣጠብዎ ብቻውን ግን ለመቀደዱ በቂ ነው። ቤንዚን ስፖንጁ የተያያዘበትን ማጣበቂያ ይፈታል፤ በእሳት ረገድም አደገኛ ነው። በነጭ ጋዝ አሮጌውን ዘይት ያስለቅቁ፤ ቀጥሎም በሞቀ ውኃና በልብስ ሳሙና ዱቄት አጥበው በደንብ ያለቅልቁት። ሲጨምቁት በሁለት መዳፍዎ መሐል ይጫኑት እንጂ እንደ ነጠላ አይጠምዝዙት። ጥላ ውስጥ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ የስፖንጅ ማጣሪያ ዘይት ያፍስሱበት፤ ካልተገኘ ወፈር ያለ የሞተር ዘይት ይሆናል፤ እሱ ግን ቀስ በቀስ ወደ ታች ስለሚወርድ ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል። ዘይቱ ወደ ሁሉም ጥግ እስኪደርስ ደጋግመው ይጫኑት፤ ትርፉንም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያስወጡ። ሲጨርሱ ስፖንጁ እጅ ላይ የሚያጣብቅ፣ ነገር ግን የማይንጠባጠብ መሆን አለበት።