የአንባቢያን ጥያቄ፦ አውሮፕላን ውስጥ ስልክ መጠቀም ለምን ይከለከላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች። በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ተጓዝኩ። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል አስተናጋጇ ስልካችንን እንድንዘጋ ወይም ፍላይት ሞድ ላይ እንድናደርግ ነገረችን። እኔ የተባልኩትን ፈጸምኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ግን ስልካቸውን እንደበራ ኪሳቸው ከተቱትና «ይህ ባዶ ማስፈራሪያ ነው፤ አደገኛ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ይዘነው እንድንገባ አይፈቅዱልንም ነበር» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ለመሆኑ አንድ ስልክ አውሮፕላን ሊጥል ይችላል? ካልቻለ ለምን ይከለከላል? አንዳንድ አውሮፕላኖች ውስጥ ደግሞ ኢንተርኔት መጠቀም እንደሚቻል ሰምቻለሁ፤ ይህስ ከክልከላው ጋር እንዴት አብሮ ይሄዳል?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ አብረዋቸው የተጓዙት ሰው ልክ የሆኑበትን እንመን። በሞባይል ስልክ ምክንያት ብቻ ወደቀ ተብሎ በምርመራ የተረጋገጠ የመንገደኞች አውሮፕላን የለም። ዘመናዊ አውሮፕላን ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድን፣ መብረቅን ጭምር፣ እንዲቋቋም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዋና ዋና ሽቦዎቹም ከሌላ ቦታ በሚመጣ ሞገድ እንዳይረበሹ በብረት መረብ ተሸፍነዋል። ስለዚህ «ስልክ አውሮፕላን ይጥላል?» ለሚለው ጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ «አይጥልም» ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ደንቡ የወጣው ይህንኑ ለመከላከል ብቻ ነው ብለው ሲያስቡ ነው። ደንቡ የሚጠብቃቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ የሚገኘው አውሮፕላኑ ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በአየር ላይ በሞባይል መደወልን ሲከለክል ያሳሰበው የምድሩ ኔትወርክ ነበር። የሞባይል ኔትወርክ የተዘረጋው መሬት ላይ ላለ ሰው ነው። የማማዎቹ አንቴናዎች በትንሹ ወደ ታች ዘንበል ብለው ይተከላሉ፤ አንዱ ማማ የሚጠቀምበትን ሞገድ ራቅ ብሎ ያለ ሌላ ማማ መልሶ ይጠቀምበታል፤ በመካከል ያሉት ሕንፃዎችና ኮረብታዎች ሁለቱን ስለሚጋርዷቸው አይረባበሹም። ያንኑ ስልክ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ስናወጣው ግን የሚጋርደው ነገር አይኖርም፤ ሞገዱ በአንድ ጊዜ ለብዙ ማማዎች ይደርሳል፣ የሌሎችንም መስመር ይሻማል። በዚያ ላይ አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ሲበር በደቂቃ 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የጂኤስኤም (የሁለተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ) ማማ በመደበኛ አሠራሩ የሚያገለግለው ቢበዛ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ በመሆኑ፣ ስልኩ ከአንዱ ማማ ጋር በቅጡ ሳይግባባ ወደሌላው ለመዛወር ይገደዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የአውሮፕላኑ መሣሪያዎች ናቸው፤ ይህ ስጋት ደግሞ ከሞባይል ስልክ በዕድሜ ይበልጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ መንገደኞች በበረራ ላይ እንዳይከፍቱት የተከለከለው በእጅ የሚያዝ የኤፍኤም ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮ ተቀባይ እንጂ አሰራጭ አይደለም፤ ታዲያ ምን ይጎዳል? የኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያውን ለመያዝ በውስጡ የራሱን ሞገድ ያመነጫል፤ ይህ ሞገድ ብዙውን ጊዜ ከሚደመጠው ጣቢያ በ10.7 ሜጋኸርትዝ (የሞገድ ድግግሞሽ መለኪያ) ከፍ ያለ ሲሆን ጥቂቱ ወደ ውጭ ያመልጣል። መንገደኛው 100 ሜጋኸርትዝ ላይ ያለ ጣቢያ እያዳመጠ ከሆነ ሬዲዮው 110.7 ላይ ሞገድ ይረጫል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ደግሞ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ከማረፊያው መስመር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መውጣቱን ለአብራሪው የሚነግረው መሣሪያ ከሚሠራባቸው መስመሮች አንዱ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አደጋው ከመሣሪያው ጉልበት የመጣ አለመሆኑ ነው፤ ደካማ ሞገድም ቢሆን በማይገባው መስመር ላይ ከገባ ይረብሻል።

ሞባይል ስልክ ሆን ብሎ የሚያሰራጭ መሣሪያ ነው። የጂኤስኤም ስልክ በ900 ሜጋኸርትዝ ላይ እስከ 2 ዋት ኃይል ሊያወጣ ይችላል፤ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው ጥቂት ሚሊዋት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ስልክ ማማ ሲርቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጣራ ሰው ኃይሉን ይጨምራል። በብረት አካል ውስጥ፣ ከማማዎች ርቆ የሚጓዝ ስልክ ደግሞ አብዝቶ የሚጣራ ስልክ ነው። ውጤቱን ቤትዎ ውስጥ ሰምተውት ይሆናል፤ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚሠራ ስልክ ከሬዲዮ ወይም ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ጥሪው ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ማጉያው «ጥዝ፣ ጥዝ፣ ጥዝዝዝ» ይላል። ይህ ስልኩ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየቆራረጠ ከሚልከው ሞገድ የሚመጣ ድምፅ ነው። ተመሳሳይ ጥዝታ አብራሪዎች በጆሮ ማዳመጫቸው ሰምተዋል። አብራሪው ለማረፍ እየወረደ ሳለ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የሚቀበለው አብዛኛው ነገር ቁጥር ነው፦ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነት። ከቁጥሮቹ አንዱ በጥዝታው ቢዋጥ ድገምልኝ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሥራ እጅግ በሚበዛበት በዚያ ሰዓት ደግሞ የባከነች እያንዳንዷ ሰከንድ ዋጋ አላት።

ጉዳዩ በድምፅ ብቻ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ1,300 በሚበልጡ የቦይንግ 737 እና 777 አውሮፕላኖች ላይ የአብራሪ ክፍል ማሳያ ስክሪኖች እንዲቀየሩ አዟል፤ በሙከራ ወቅት በዋይፋይ ሞገድ ምክንያት ለጊዜው ሊጠፉ እንደሚችሉ በመታየቱ ነው። ችግሩ የተገኘው በሙከራ ነው፤ ትእዛዙ የወጣው በአየር ላይ ጉዳት ደርሶ አልነበረም። ከሁሉም ይልቅ ስለዚህ ደንብ ያሳመነኝ ይህ ነው። በአቪዬሽን አሠራር አንድ መሣሪያ ጉዳት ማድረሱ እስኪታይ ድረስ አይጠበቅም፤ ጉዳት እንደማያደርስ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ይህን ደግሞ ለስልክ ማረጋገጥ አድካሚ ነው። በአንድ በረራ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስልኮች ይኖራሉ፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ ወድቆ የተሰነጠቀ፣ ሌላው ተፈትቶ የተጠገነ ነው። አውሮፕላኑም ያረጃል፤ የሽቦዎቹ መሸፈኛ ይላላል። ይህ ሁሉ ሲደመር ምን እንደሚያስከትል ከተቀመጠበት ወንበር ሆኖ ሊያውቅ የሚችል መንገደኛ የለም።

በዚሁ ረገድ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሜሪካ የተነሳውን ክርክር ያስታውሱ ይሆናል። አዲሱ የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ከ3.7 እስከ 3.98 ጊጋኸርትዝ ባለው ክልል ሊጀምር ሲል፣ ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራውን የአውሮፕላን ሬዲዮ ከፍታ መለኪያ ሊረብሽ ይችላል ተብሎ አንዳንድ አየር መንገዶች በረራ ሰርዘው ነበር። ይህ መለኪያ ሞገድ ወደ መሬት ልኮ የገደል ማሚቶውን በመቀበል አውሮፕላኑ ከመሬት ምን ያህል እንደራቀ ያሰላል፤ ልኬቱን የሚሰጠውም ለማረፍ በሚወረድባቸው የመጨረሻዎቹ 760 ሜትሮች ገደማ ነው። ስህተቱ ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 አምስተርዳም አጠገብ ታይቷል፦ ከስልክ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ብልሽት የአንድ የመንገደኞች አውሮፕላን መለኪያ አውሮፕላኑ መሬት የነካ አስመስሎ በማሳየቱ የሞተሮቹ ኃይል በራሱ ቀነሰ፤ ሠራተኞቹም ፍጥነቱ መውረዱን በጊዜ ባለማስተዋላቸው አውሮፕላኑ ወድቆ 9 ሰዎች ሞቱ። የ2022ቱ ስጋት በዋናነት የመጣው ከምድር ማማዎች እንጂ ከመንገደኛ ኪስ አልነበረም፤ መፍትሔውም በአየር ማረፊያዎች አካባቢ የማማዎቹን ኃይል መገደብና አሮጌዎቹን መለኪያዎች ማሻሻል ሆነ።

«ለምን ይዘን እንድንገባ ይፈቀድልናል?» ለሚለው የሰውየው ክርክር መልሱ እዚህ ላይ ይገኛል። የሚረብሸው የሚያሰራጨው ሞገድ ነው፤ ፍላይት ሞድ ደግሞ ስልኩ ከማማ ጋር የሚያደርገውን ግንኙነት ያቋርጠዋል። እየተፈተሸ በሄደ ቁጥርም ደንቡ ላልቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር አውሮፕላኖቻቸው መፈተናቸውን ላረጋገጡ አየር መንገዶች ስልክና መሰል መሣሪያዎች በፍላይት ሞድ ከመነሻ እስከ መድረሻ እንዲሠሩ ፈቀደ። በ2014 የአውሮፓ አቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ አየር መንገዱ ፈትሾ ካረጋገጠ ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ባይሆንም እንኳ ሊፈቀድ እንደሚችል ወሰነ። በአንዱ በረራ ከሌላው የተለየ ትእዛዝ የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰሙት ኢንተርኔትም ከዚሁ ፍተሻ ጋር የተያያዘ ነው። አውሮፕላኑ ራሱ በሳተላይት ወይም ወደ ምድር በሚያይ አንቴና ይገናኛል፤ የእርስዎ ስልክ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ካለው የዋይፋይ መሣሪያ ጋር ብቻ ነው የሚነጋገረው። መደወል የሚቻልባቸው አውሮፕላኖች ደግሞ ውስጣቸው ትንሽ የሞባይል ጣቢያ ተተክሎላቸዋል። ጣቢያው ቅርብ ስለሆነ ስልኩን በዝቅተኛ ኃይሉ እንዲሠራ ያዘዋል፤ የምድሩን ማማ ፍለጋም ያስቀረዋል።

ስልክዎን ሳይዘጉ መነሳትዎ በበረራ መሃል ትዝ ቢልዎ አይደንግጡ፤ ወዲያውኑ ፍላይት ሞድ ላይ ያድርጉት። ጭጋግ በርትቶ ማኮብኮቢያው በማይታይበት ጊዜ ግን ሠራተኞቹ መሣሪያዎች ሁሉ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጉ ሊያዝዙ ይችላሉ፤ አብራሪው በመሣሪያ ብቻ ተመርቶ የሚያርፈው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አያዘግዩት። ያን ሰው ዳግመኛ አብረዋቸው ቢጓዙ ደግሞ ሲደርሱ የስልካቸውን ባትሪ እንዲያዩት ይጠይቋቸው። ለሰዓታት በከፍተኛ ኃይል ማማ ሲፈልግ የቆየ ስልክ ባትሪ፣ ፍላይት ሞድ ላይ ከነበረው ከእርስዎ ስልክ ባትሪ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል።