መጀመሪያ ጀርባውን አሳዩኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ጌጣጌጥ

(በዚህ ዓምድ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩትን ባለ ሩቢ የደረት ጌጥ ለመሸጥ ወደ አንድ የሐራጅ ድርጅት ወሰድኩት። በቤታችን ሲነገር የኖረው መቶ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዕቃ እንደሆነ ነው። ባለሙያው ግን በረቂቅ መግለጫው ላይ «ሰው ሠራሽ ሩቢ» ብሎ ጻፈና ካሰብኩት እጅግ ያነሰ ግምት ሰጠው። እኔ በስልኬ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች፣ እሱ በማይክሮስኮፕ ያነሳውን ፎቶና ረቂቁን ልኬልዎታለሁ። ዘመዶቼ «ተታለልሽ» እያሉኝ ነው። እውነት ተታልያለሁ?

መልስ፦ አልተታለሉም። ከላኩልኝ የስልክ ፎቶዎች አንዱ ብቻ ሲቀር ሁሉም የጌጡን ፊት ያሳያሉ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ከአንዱ ጋር ነው ያመሸሁት። ለሐራጅ ካታሎግ መግለጫ መጻፍ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ዛሬም ጌጥ ሲሰጠኝ ፊቱን ሳላይ እገለብጠዋለሁ። ፊቱ ለማማር የተሠራ ነውና ዝም ይላል። የሠሪው ማህተም፣ የጠጋኙ ብየዳ፣ ከልብስ ጋር ሲፋተግ የሳሳው ወርቅ፣ ሁሉም ያሉት ከኋላ ነው።

በእርስዎ ጌጥ ጀርባ፣ ከመርፌው ሥር «15» እና «.625» የሚሉ ምልክቶች ይታያሉ። የእንግሊዝ የወርቅ ምልክቶች ናቸው። 15 ካራት ማለት ከሃያ አራቱ እጅ አሥራ አምስቱ ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ሲሆን፣ .625 ያንኑ በአስርዮሽ ይደግመዋል። እንግሊዞች ይህን የጥራት ደረጃ በ1854 ፈቀዱት፣ በ1932 አስቀሩት። ስለዚህ ድንጋዩን ገና ሳናየው ወርቁ ራሱ በሁለት ዓመታት መካከል አጥሮልናል።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ ፎቶ እንሂድ። በድንጋዩ ውስጥ በሸክላ ሙዚቃ ላይ እንደምናያቸው ያሉ፣ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ተደርድረዋል፤ ከዳር በኩል ደግሞ ሁለት ድቡልቡል የአየር አረፋዎች አሉ። ከመሬት የወጣ ሩቢ እንዲህ ያለ መስመር የለውም። የተፈጥሮ ክሪስታል የሚያድገው በጠፍጣፋ ገጾቹ ላይ ስለሆነ የእድገት መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ሲታጠፉም ማዕዘን ሠርተው ነው። የጎበጠው መስመር የሚመጣው ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኔይ በ1902 ይፋ ካደረገው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ እያለፈ ይቀልጥና ከታች ባለው ዘንግ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይከመራል። የክምሩ አናት እንደ እንጉዳይ የጎበጠ ስለሆነ እያንዳንዱ ድርብርብ ጉብጠቱን ይዞ ይቀራል።

እንግዲህ ድንጋዩ ከ1902 በፊት የተሠራ ነው ለማለት ይከብዳል፤ ወርቁ ከ1932 በኋላ ሊታተም አይችልም። ድንጋዩ ኋላ የተተካ ቢሆንስ? እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት ይህንን ነው። ነገር ግን ድንጋዩን የያዙት አራቱ ጥፍሮች እኩል ሳስተዋል፤ አንዳቸውም ተነስተው የተመለሱ አይመስሉም፤ ድንጋዩም መቀመጫውን ሞልቶታል። ዕቃው ሲሠራ ጀምሮ ይህን ድንጋይ እንደያዘ እቀበላለሁ። ዙሪያውን ያሉት ስድስት ትንንሽ ድንጋዮች ደግሞ እውነተኛ አልማዞች መሆናቸውን ረቂቁ ይናገራል፤ ሥራቸው ጠፍጣፋ፣ አናታቸው እንደ ጉልላት የሆነ፣ ሮዝ የሚባለው የድሮ አቆራረጥ ነው። ሰው ሠራሽ ሩቢ ከአልማዝ ጋር መቀመጡ አይግረምዎ። በዘመኑ አዲስ ነገር ነበር፤ በመልካም ወርቅ ላይ እየተቀመጠ በክብር ይሸጥ ነበር። ብርጭቆም አይደለም፤ ኬሚካሉ፣ ጥንካሬው፣ ብርሃን አሰባበሩ ሁሉ የሩቢ ነው። ወርቅ ቤት ወስደው በመሣሪያ ቢያስለኩት «ሩቢ» ብሎ የሚመልሰውም ለዚህ ነው። የሚለየው በማይክሮስኮፕ ነው።

ዘመዶችዎ ዋሽተዋል አልልም። የቤት ታሪክ በተነገረ ቁጥር አንድ ትውልድ ይጨምራል። ነገሥታትም ያው ናቸው፤ በእንግሊዝ ዘውድ ግንባር ላይ ያለውና «የጥቁሩ ልዑል ሩቢ» የሚባለው ትልቅ ቀይ ድንጋይ ሩቢ ሳይሆን ስፒነል የሚባል ሌላ ድንጋይ ነው። ለሐራጅ ዋጋ ያለው ታሪክ ወረቀት ያለው ታሪክ ነው፤ የግዢ ደረሰኝ፣ የኢንሹራንስ ዝርዝር፣ ቅድመ አያትዎ ጌጡን አድርገው የተነሱት ፎቶ ካለ ያቅርቡት።

በረቂቁ ላይ ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ለእርስዎ ዘመዶች ደግሞ ጭራሽ የሚጥም አይመስለኝም። የመርፌው ማጠፊያ ላይ ግራጫ የሆነ ነጠብጣብ አለ፤ በእርሳስ የተበየደ ጥገና ነው። ረቂቁ አልጠቀሰውም። ያስጨምሩት። ጉድለት መጻፍ ዋጋ የሚያወርድ ይመስላል፣ ግን ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ሲያገኘው ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦

«የወርቅ የደረት ጌጥ፣ ባለ ሰው ሠራሽ ሩቢና አልማዝ፤ ከ1902 እስከ 1932 ባለው ጊዜ የተሠራ። መሐል ላይ ሞላላ ሰው ሠራሽ ሩቢ፣ 8.1 በ6.4 ሚሊሜትር፤ ዙሪያውን ስድስት የሮዝ አቆራረጥ አልማዞች። የእንግሊዝ የ15 ካራት ምልክት አለው፤ የሠሪ ስም የለውም። የመርፌው ማጠፊያ በእርሳስ ተጠግኗል፤ አንዱ አልማዝ ጠርዙ ተሸርፏል። ጠቅላላ ክብደት 5.2 ግራም።»

«ድንቅ»፣ «ብርቅዬ»፣ «እጹብ» የሚሉ ቃላት እንደሌሉበት ያስተውሉ። ስለ ዋጋው ደግሞ፣ ከዚህ በታች አይሸጥ የሚሉትን መጠን ቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። አብዛኞቹ ድርጅቶች ይህ መጠን ከዝቅተኛው ግምት እንዲበልጥ አይፈቅዱም።

ጥያቄ፦ «የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የታንዛናይት ቀለበት» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ልጫረት?

መልስ፦ ንግሥቲቱ ያረፉት በ1901 ነው። ታንዛናይት ታንዛኒያ ውስጥ የተገኘው በ1967 ነው። ቀለበቱ የድሮ ሆኖ ድንጋዩ ተተክቶ ይሆናል፤ ያኔ እንደ ባዶ ቀለበትና እንደ አዲስ ድንጋይ ለየብቻ ገምተው ይደምሩት።

ጥያቄ፦ የእናቴ ቀለበት ድንጋዮች ደብዝዘዋል፤ ጀርባቸውም በብረት የተደፈነ ነው። ለሐራጅ ከመውሰዴ በፊት አሳጥቤ ላስወልውለው?

መልስ፦ ልጄ፣ ውኃ እንዳታስነኪው! በ18ኛው ክፍለ ዘመንና በ19ኛው መጀመሪያ ብዙ ድንጋዮች ጀርባቸው ተደፍኖ ነበር የሚቀመጡት። ከድንጋዩ ሥር ብርሃን የሚመልስ፣ አንዳንዴም ቀለም የተቀባ ስስ የብረት ቅጠል ይነጠፋል። ውኃ በክፈፉ ጠርዝ ከገባ ያ ቅጠል ይጠቁራል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።

ይህንን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። ገና ጀማሪ ሳለሁ ፈካ ያለ ሮዝ ቀለም ያላቸው ጥንድ የጆሮ ጌጦች ፎቶ ሊነሱ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጡ። አቧራ አይቼባቸው አንዱን ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ውስጥ ነከርኩት። በጥርስ ብሩሽ እያሸሁት ሳለ ከአንዱ ጠርዝ ግራጫ ጥላ ሲገባ አየሁ፤ እንደ ቀለም በወረቀት ላይ እየሰፋ ድንጋዩን ሸፈነው። ድንጋዩ ለካ ቀለም የለውም ነበር፤ ሮዝነቱ በሙሉ የቅጠሉ ነው። ሁለተኛውን አልነካሁትም፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ጎህ፣ ሌላው አመድ መሰለ። አለቃዬ አልጮኹም። የመግለጫውን ወረቀት አምጥተው «የአንደኛው ቅጠል በውኃ ተበላሽቷል» ብዬ በራሴ እጅ እንድጽፍ አደረጉኝ። ያንን መስመር እስከ ዛሬ ፊደሉን ጭምር አስታውሰዋለሁ።

መረግድም (ኤመራልድ) ካለሽ ተጠንቀቂ፤ አብዛኛው መረግድ ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት የጠጣ ነው፤ በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው መሣሪያ ዘይቱን አስወጥቶ ስንጥቁን ያሳይብሻል። ወርቅ መወልወልም ምልክቱን ይፍቃል፤ ምልክቱ ከጠፋ ደግሞ ከላይ ለጻፉልን ወይዘሮ ያደረግሁትን ዓይነት ስሌት ማንም አይሠራልሽም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠርገሽ ውሰጂው፤ የቀረውን ለእነሱ ተዪው።

ጥያቄ፦ «የዕንቁ ሐብል» ብዬ ዝርዝር ስልክ፣ «ምን ዓይነት ዕንቁ?» የሚል መልስ መጣልኝ። ዕንቁ ዕንቁ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ በቋንቋችን ዕንቁ ማለት የከበረ ድንጋይም፣ ከባሕር ዛጎል ውስጥ የሚወጣውም ሆኖ ኖሯል። በመግለጫ ላይ ግን ለኋለኛው «ሉል» ይበሉ። ቀጥሎ የሚጠየቁት የተፈጥሮ ነው ወይስ የእርባታ የሚለውን ነው። ጃፓናዊው ሚኪሞቶ በ1893 ግማሽ ክብ ሉል አሳድጎ አሳየ፤ ድቡልቡሎቹ የእርባታ ሉሎች ደግሞ በ1920ዎቹ ገበያውን አጥለቀለቁት። ሉሉን በጥርስ ጫፍ ሲያሹት ሻከር ካለ የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ማስመሰያ አይመስልም፤ የተፈጥሮውንና የእርባታውን ግን ጥርስ አይለያቸውም። ሁለቱም ላይ ያው ሽፋን ነውና ውስጡን የሚያሳየው ኤክስሬይ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ሐብሉ ከ1920 በፊት የነበረ ከሆነ ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ አይቆጭዎትም።

ጥያቄ፦ በአንድ ካታሎግ ላይ ሦስት አምባሮች አየሁ። የአንዱ መግለጫ የታወቀ የጌጥ ቤት ስም ብቻ ይጠራል፤ ሁለተኛው «የዚያ ቤት ሥራ እንደሆነ የሚገመት» ይላል፤ ሦስተኛው «በዚያ ቤት ስልት»። የሦስተኛው ሰንፔር ደግሞ «የመሞቅ ምልክት ያልታየበት»፣ ክብደቱም «በግምት 4 ካራት» ተብሏል። እነዚህን ቃላት እንዴት ላንብባቸው?

መልስ፦ በመጀመሪያው ድርጅቱ በራሱ ኃላፊነት «ሥራው የእነሱ ነው» ብሏል። በሁለተኛው ይመስለናል ብሏል። በሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ቤት እንዳልሆነ በትሕትና ነግሮዎታል፤ የሚከፍሉት ለድንጋዩና ለወርቁ ነው። ድርጅቱ እያንዳንዱን ቃል በምን ትርጉም እንደሚጠቀምበት በካታሎጉ መጨረሻ በደቃቅ ፊደል ጽፎታል። ማንም የማያነበው ገጽ ነው፤ እርስዎ ያንብቡት። አምባሩ ላይ ፊርማ አለ ማለት ብቻም አይበቃም፤ ፊርማ ኋላ ሊቀረጽ ይችላል።

ሰንፔርና ሩቢ ቀለማቸው እንዲጠራ በከፍተኛ ሙቀት ማሞቅ የተለመደ ነው፤ ያልሞቀው ብርቅ ስለሆነ ይወደዳል። «ምልክት አልታየም» የሚለው የላቦራቶሪ አነጋገር ነው፤ ያየነውን ተናገርን ማለት ነው። ጠቃሚው ጥያቄ የማን ላቦራቶሪ፣ መቼ የሚለው ነው። የአሜሪካው የጂአይኤ፣ ወይም ከስዊዘርላንድ ላቦራቶሪዎች በሉሰርን ያለው የጉቤሊን ወይም በባዝል ያለው የኤስኤስኢኤፍ ወረቀት ካለ ቅጂውን ይጠይቁ፤ የተጻፈው ልኬት ለጨረታ ከቀረበው ድንጋይ ጋር መግጠሙን ያመሳክሩ። የቆየ ወረቀት ከሆነ እንዲታደስ ይጠይቁ፤ ያኔ ያልነበሩ መሣሪያዎች ዛሬ አሉ።

«በግምት» ስላሉት ክብደት፦ የድንጋይ ካራት የክብደት መለኪያ ነው፤ ከወርቁ የጥራት ካራት ጋር አይምታታብዎ። ድንጋዩ ከክፈፉ ሳይወጣ በሚዛን አይቀመጥም፤ ስለዚህ ይለካል፣ ይሰላል። ለምሳሌ ለክብ ዘመናዊ አልማዝ ዲያሜትሩን በራሱ አባዝተው፣ በጥልቀቱ፣ ከዚያም በ0.0061 ያባዙታል። 6.5 ሚሊሜትር ስፋትና 3.9 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው አልማዝ አንድ ካራት ገደማ ይመጣል። ለሰንፔር ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ሰንፔር ከአልማዝ ይከብዳል፣ የድሮ ቆራጮች ደግሞ ክብደት እንዳይባክን ሆዱን ወፍራም አድርገው ይተዉት ነበር። ያዩት አምባር ጀርባው ክፍት ከሆነ ጥልቀቱ ተለክቷል ማለት ነውና ግምቱ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ጀርባው ዝግ ከሆነ ጥልቀቱን ማንም አላየውም፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንደ ሦስት ካራት ቆጥሬ ነበር የምጫረተው። በመዶሻው ዋጋ፣ ማለትም ጨረታው ባበቃበት ዋጋ ላይ፣ የገዢ ኮሚሽን እንደሚጨመርም አይርሱ፤ ኮሚሽኑ 25 በመቶ ከሆነ በ10,000 የጨረሱት ዕቃ 12,500 ያስከፍልዎታል።