ኡራሉን ከቀለሙ በታች እዩት
ለወጣት መካኒኮችና አሮጌ መኪና ለምትወዱ

ልጆቼ፣ ስለ ኡራል፣ ስለ ሶቭየቱ ወታደራዊ የጭነት መኪና ነው የማወራችሁ። «ኦሪጅናል ኡራል ነው» ስትባሉ መልሳችሁ «የትኛው ኡራል?» በሉ። በ1970 ዓ.ም. ግድም በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ከሶቭየት ኅብረት የመጣውና ቢኤም 21 የሚባለው የሮኬት መተኮሻ የሚጫንበት ኡራል 375ዲ ቤንዚን ነው። ሚያስ ከተማ ያለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ ማምረት የጀመረው ኡራል 4320 ደግሞ ናፍጣ ነው። ከሩቅ ወንድማማች ይመስላሉ። 375ዲ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ገደማ ስለሚጠጣ ናፍጣ ሞተር የሚገጥምለት ብዙ ነው። መቀየሩ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የተቀየረውን እንዳልተቀየረ አድርጎ መሸጥ ነው።

መጀመሪያ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ቀለም ከለበሰ በቀለም ማስለቀቂያና በጨርቅ አውጡት። ፍሌክስ (የብረት መፍጫ) እንዳታስነኩት፤ ቁጥሩን ከበላችሁት ማስረጃውም አብሮ ሄደ። በአሃዞቹ ዙሪያ ብረቱ ከሌላው ቦታ ከሳሳ፣ ወይም አንዱ አሃዝ ከሌሎቹ ጠልቆ ከተመታ ጠርጥሩ። በካቢና ውስጥ ያለችው ቁጥር የተጻፈባት የብረት ሳህን ብቻዋን ምስክር አትሆንም፤ ፈትቶ ሌላ መኪና ላይ መምታት ቀላል ነው።

ሞተሩ ላይ የዚል (የሌላው የሶቭየት መኪና ፋብሪካ) ምልክት ስላያችሁ «ተቀይሯል» ብላችሁ አትጩኹ። የ375ዲ ሞተር ራሱ ዚል 375 ነው፦ 8 ሲሊንደር፣ ወደ 7 ሊትር፣ 180 የፈረስ ጉልበት። ችግሩ ዚል 131 የሚባለው የጭነት መኪና ሞተር ከላይ ሲታይ በጣም መምሰሉ ነው። እሱ 6 ሊትር፣ 150 የፈረስ ጉልበት ነው። የፒስተኑ ምት (ወጥቶ የሚወርድበት ርዝመት) በሁለቱም 95 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በካንዴላ ቀዳዳ ሽቦ አስገብታችሁ ብትለኩ ምንም አይነግራችሁም። የሚለያቸው የሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ሲወርድ በካሊፐር ለኩ፤ 108 ሚሊ ሜትር ከሆነ የኡራል፣ 100 ከሆነ የዚል 131 ነው። ሬቲፊካ የገባ (ሲሊንደሩ ተፍቆ የሰፋ) ከ108 ትንሽ ያልፋል እንጂ ወደ 100 አይወርድም። ወታደራዊው የካንዴላ ገመድ ሬዲዮ እንዳይረብሽ በብረት ሽፋን የታሸገ ነው። ተራ ገመድ ካያችሁ ቢያንስ እሱ ተቀይሯል።

ብዙዎች የሚዘሉት ዲፈረንሻሉን ነው። የ375 ጥምርታ (ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ የሚዞረው ዙር) 8.9 ሲሆን የመጀመሪያው 4320 ደግሞ 7.32 ነው። ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፤ የፊቶቹን ሁለቱንም በክሪክ አንሱና አስተማማኝ ድጋፍ ላይ አሳርፉ። ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚገባውን ዘንግ ከፍላንጁ ፍቱ፤ ፍላንጁ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አንድ ሰው አንዱን ጎማ አጥብቆ ይያዝ፤ እናንተ ሌላውን ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፤ አንዱ ጎማ ስለተያዘ ሁለቱ ዙር እንደ አንድ ነው። ምልክቱ 9 ጊዜ ሊሞላ ጥቂት ከቀረው የ375 ነው፤ 7 ጊዜ ዞሮ ሲሶ ያህል ካለፈ የናፍጣው ነው። የፊቱ የ375 ሆኖ የኋላው የ4320 ከሆነ አደጋ ነው፤ ዲፈረንሻሎቹ እርስ በርስ እየታገሉ ጎማና ማርሽ ይበላሉ።

ይህ ጥምርታ ሌላም ነገር ያስረዳችኋል። የቤንዚኑ ሞተር በደቂቃ 3200 ዙር ይደርሳል፤ 4320 ላይ ያለው የካማዝ ናፍጣ ሞተር 2600 ላይ ይቆማል። ሞተሩ ብቻ ተቀይሮ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ የድሮው ከሆነ፣ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረው መኪና 60 አካባቢ ይቀራል። ባለቤቱ ታዲያ የነዳጅ ፓምፑን ይወቅሳል።

ኤሌክትሪኩ ቀላል ነው፦ 375ዲ 12 ቮልት፣ 4320 ደግሞ 24 ቮልት። አንድ አምፑል ነቅሎ ማንበብ ይበቃል። ፍሬኑ በአየር የሚገፋ ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ከጠፋ አንድ ሰው እዚያ ሠርቷል። ጎማው 14.00-20 ሲሆን ሹፌሩ ከካቢና ይነፋዋል። ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) ውስጥ ያለው ማሸጊያ ሲያልቅ አየር ስለሚያመልጥ ብዙ ሰው የአየር ቱቦውን ቆርጦ ይደፍናል። የተደፈነ ቀዳዳ ፈልጉ፤ ሳሙና ውሃ ቀቡና አረፋ ተመልከቱ።

በመጨረሻ ትንንሾቹ። ብዙ የሶቭየት ዕቃ ላይ ሩብ ዓመቱ በሮማ ቁጥር፣ ዓመቱ በሁለት አሃዝ ይመታል። ዕቃው ከመኪናው በጥቂት ወራት ቢቀድም ጤና ነው፤ ከመኪናው በኋላ የተሠራ ከሆነ ግን ተቀይሯል። አምስት ማዕዘን ያለው የጥራት ምልክት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ስለሆነ፣ «የ1965 ነው» የተባለ መኪና ላይ ካገኛችሁት ያ ዕቃ ሌላ ቦታ ነው የተወለደው። ያገኛችሁትን ሁሉ ከነቁጥሩ፣ ከነፎቶው ጻፉ፤ ቀለም የምትቀቡት ከዚያ በኋላ ነው።